የፌሬቶቹ ቁም ሳጥን

እማዬ የሠርጓን ቁም ሳጥን በመጋዝ ስትቆርጥ ያየኋት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቀኑ እሑድ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ከጸሎት ቤት ተመልሶ የእሑድ ጥብሱን ምድጃ ውስጥ ከትቶ ይጠብቃል። እሷ ግን ጓሯችን ውስጥ ቁም ሳጥኑን በጀርባው አጋድማ፣ በአንድ ጉልበቷ ተጭናው፣ ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ እየተንጠባጠበ ትገዘግዘዋለች። የአባዬ ኮት፣ ሁለት ሱሪዎቹና ክራቫቶቹ ካርቶን ውስጥ ታጭቀው ደረጃ ሥር ተጥለዋል። እኔ በኩሽናው መስኮት እያየሁ «በቃ፣ አብዳለች» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

አባዬ ኖርማን ይባላል፤ የዮርክሻየር ከሰል ቆፋሪ ነው። መጋቢት ላይ ከመሬት በታች ሲሠራ ጣራው ተደርምሶበት ሆስፒታል ከገባ ሦስት ወሩ ነበር። ለእኔ የተነገረኝ «ጀርባውን ተጎድቷል» የሚል ብቻ ነው። በዚያን ዘመን ደግሞ ሆስፒታል ልጅ አያስገባም። ስለዚህ ጀርባው የተጎዳ ሰው ሲባል፣ እንደ አባዬ አጎት እንደ ዊልፍ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እያቃሰተ የሚሄድ ሰው ነበር የሚታየኝ።

አባዬ ትቶልን የሄደው ሁለት ፌሬቶች ናቸው። ፌሬት እንግዲህ ሸለምጥማጥ ሰው ቤት ገብታ ብትሠለጥን የምትሆነው ናት። ጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ ሲለቋት ጥንቸሉን አባርራ ታወጣለች፤ ማታ ደግሞ ሰው ጉያ ገብታ ትተኛለች። እኛ መንደር ፌሬት የሌለው ከሰል ቆፋሪ ካለ፣ ወይ ሚስቱ ከልክላዋለች ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው። የኛዎቹ ፐርል የምትባል ነጭ ሴትና ኒፐር የሚባል ቡናማ ወንድ ነበሩ። አባዬ ከሁለቱ ፐርልን አብልጦ ይወድ ነበር። ከእኔም አብልጦ ነው ብዬ የጠረጠርኩበት ጊዜ አለ።

አባዬ ፌሬቶቹን የሚይዘው አባቱ እንዳስተማረው ነው። ቤታቸው መሬት ላይ የተቀመጡ ሁለት ዝቅተኛ ሳጥኖች ነበሩ፤ በየቀኑ ተንበርክኮ ይፍቃቸዋል፣ ሰጋቱራቸውን ይቀይራል። ምግባቸው በሞቀ ወተት የራሰ የዳቦ ፍትፍት ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ይኼ ሁሉ የሚሆነው ግን ጊዜ ላለው ሰው ነው። እማዬ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በአውቶቡስ ወደ ብስኩት ፋብሪካ ትሄዳለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ከአስራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ደግሞ የእኔን ትምህርት ቤት ታጸዳለች። ረቡዕና ቅዳሜ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ አባዬን ትጠይቃለች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህች ሴት መች ተንበርክካ ትፍቅ?

አንድ ቀን ሻይዋን ይዛ ሳጥኖቹ ፊት ቁጭ አለችና አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብላ አየቻቸው። እኔ «ሰነፈች» አልኩ። አሁን ሳስበው፣ በመንደራችን ታሪክ ፌሬቶቹን ከማዘዝ ይልቅ ያጠናቻቸው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ፌሬት ሁልጊዜ አንድ ጥግ መርጣ እንደምትጸዳዳ ያየችው ያን ዕለት ነው። ቁም ሳጥኑን ስትሠራው በዚያ ጥግ በኩል መሳቢያ አደረገችለት፤ ሳብ፣ ድፋ፣ እጠብ፣ መልስ፣ አለቀ። በሌላው ወገን ጭድ የሞላበት ጨለም ያለ መኝታ፣ መሐሉ ላይ መሮጫ፣ ፊቱ የሽቦ መረብ። አርባ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጽዳት አስር ደቂቃ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ደግሞ የባሰ ነው። ዝናብ እያካፋ የኩሽናውን ወንበር አውጥታ ቁም ሳጥኑ ፊት አስቀመጠችና ቁጭ አለችበት። እግሮቿን ሳታነሳ፣ ከወገቧ በላይ ብቻ እየተንጠራራች በሮቹን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አንዱ መቀርቀሪያ ራቀባትና በጠመኔ ምልክት አድርጋ ዝቅ አድርጋ መታችው። ከቁም ሳጥኑ እግሮች ሁለት ጣት ያህል ቆረጠችና ተመልሳ ተቀመጠች። እንዲህ ስትል ዋለች። መጀመሪያ «ደክሟት ነው፣ መቆም አቅቷት ነው» ብዬ አዘንኩላት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ አባዬ ተንበርክኮ የሚሠራውን ሥራ እሷ ተቀምጣ ልትሠራው ነው ብዬ ተናደድኩባት።

በማግስቱ ኩሽናው በር ላይ ወረቀት ለጠፈች። አስራ አንድ ሰዓት፣ ውኃ፣ እማዬ። አንድ ሰዓት፣ ምግብ፣ ሊኔት፤ ሊኔት እኔ ነኝ። ስድስት ሰዓት፣ አውጥቶ ማጫወትና መሳቢያውን ማጽዳት፣ ብላ ስም የሚጻፍበትን ባዶ ተወችው። ዘጠኝ ሰዓት፣ እማዬ።

«ስድስት ሰዓት ላይ ማነው?» አልኳት።

«እሱ ይቆይ» አለችኝ።

ምግቡንም ቀየረችው። ከጫጩት ማስፈልፈያው የሚጣሉትን ወንድ ጫጩቶች በባልዲ ታመጣለች፤ አንዳንዴም የጥንቸል ጭንቅላት ከሥጋ ቤት። ማታ ሳህን ላይ አድርጋ ትከድነዋለች፣ እኔ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እሰጣቸዋለሁ። ፌሬቶቹ አጥንቱን ሲቆረጥሙ ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። አጎት ዊልፍም ሰማው መሰለኝ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ጓሮ ድረስ ገባ።

«አይሪን፣ ምንድን ነው የምታበያቸው?» አላት እማዬን።

«ሥጋ።»

«ሥጋ! የባልሽን ፌሬቶች ሥጋ? ሰምተሽ አታውቂም? ሥጋ የለመደ ፌሬት ደም ይጠማዋል። ነገ ኖርማን እጁን ሲዘረጋለት ጣቱን ነው የሚቆርጠው! አባቴ ፍትፍት፣ አያቴም ፍትፍት ነው ያበሉት።»

«ጥንቸል ጉድጓድ የሚገቡት ዳቦና ወተት ፍለጋ ነው እንዴ?»

«ቀልጂ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ሥራ በዛብኝ ብለሽ አይደል?»

«አዎ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለች እማዬ፣ የባልዲውን ክዳን እየገጠመች። «ሥራ ሲበዛብኝ ነው ዓይኔን የከፈትኩት። እርስዎ ቀኑን ሙሉ ይዘው ተቀምጠዋል፣ አንድ ቀን እንኳ ተመልክተዋቸው ያውቃሉ?»

አጎት ዊልፍ ወደ እኔ ዞሮ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔም አብሬው ነቀነቅኩ፤ ከሐዲ ነበርኩ።

ዛሬ ይህን ማንም የእንስሳት ሐኪም ይነግራችኋል። ፌሬት ሥጋ በል ናት፤ ወተት ሆዷን ያፈርሰዋል። መንደራችን በሙሉ ፌሬቶቹን እንደ ዓይኑ ብሌን እየወደደ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበለ፣ በፍትፍት ሲያከሳቸው ነው የኖረው። አንዷ ብትነክሳቸው እንኳ ርቧት ነው አይሉም። ምናልባት በስርቆት ሥጋ ቀምሳ ይሆናል ይላሉ እንጂ። ያን ጊዜ ግን አጎት ዊልፍ ሽበቱ ነበረው፤ እማዬ ያላት ባልዲ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት እማዬና ጎረቤታችን ሚስስ ብራድሾ ልብስ ሲያሰጡ በግንቡ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ትናንት ምን አለሽ ታዲያ?» አለች ሚስስ ብራድሾ።

«አልመጣም አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ወደዚያ ቤት አልመለስም፣ ሌላ ቦታ ላኩኝ አለኝ።»

«ውይ በሞትኩት! ነገርሽው ስለ...»

«ሁሉን ነግሬዋለሁ። ስለ ቁም ሳጥኑም፣ ስለ ፌሬቶቹም።» ይኼኔ አየችኝና «ልጅቱ» ብላ አፏን በልብስ መቆንጠጫ ሞላችው።

አይ ልጅነት! እኔ ነገሩን ወዲያው ገጣጠምኩት። ቁም ሳጥኑ መቆረጡን ነገረችው፤ ፌሬቶቹ ሥጋ እንደሚበሉ ነገረችው፤ ተናደደ፤ አልመጣም አለ። በሌላ በምን ምክንያት ነው ሰው ቤቱን የሚጠላው? አባዬን መመለስ የሚችለው ፌሬቶቹን እንደ ጥንቱ አድርጎ የጠበቀ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ ከእኔ ሌላ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጫጩቶቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ እጥላለሁ። ወተት አሞቃለሁ፣ ዳቦ እፈተፍታለሁ። ፐርል መጀመሪያ አሽታ ፊቷን አዞረች፣ ሲርባት ግን ላሰችው። የሞቀው ወተት ሽታና የምላሷ ድምፅ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ በራሴ የኮራሁትን ያህል በኋላ በምንም ኮርቼ አላውቅም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለውን ግን ማን ይንገረኝ?

በሰባተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፐርል መሮጫው መሐል ተዘርግታለች። ልትነሳ ትሞክራለች፣ የኋላ እግሮቿ አይታዘዟትም። ኒፐር አጠገቧ ኩርምት ብሏል። እማዬ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ መሳቢያውን ሳበችው፤ አየችው፤ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ የፐርልን አገጭ በጣቷ ዳበስ አድርጋ ጣቷን ተመለከተች። እኔን ግን አላየችኝም። ያን ዕለት ወደ ጽዳት ሥራዋም አልሄደች፤ የእንቁላል አስኳል በጣቷ እየነካች ታልሳታለች፣ ፐርል ትተፋዋለች፣ እማዬ ደግማ ታልሳታለች።

ጠዋት ስነሳ እማዬ ሄዳለች። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ኒፐር ብቻውን ነው። የፐርል መኝታ ባዶ ነው። ቆፍራ ቀብራት እንደሆነ ብዬ ጓሮውን ዞርኩ፤ አዲስ አፈር የለም። ስለዚህ ጥላታለች ማለት ነው፤ ወንዝ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ። ያን ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም ቃል አልሰማሁም። አስተማሪዋ ስትጠራኝ ማልቀስ ጀመርኩ።

የሆነውን ያወቅኩት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፣ እማዬን በቀበርንበት ቀን። አንዲት የፋብሪካ ጓደኛዋ ሳንድዊቿን ጥላ እየሳቀች እያለቀሰች ነገረችኝ። እማዬ ፐርልን በነጩ ጋዎኗ ሥር፣ በጡቶቿ መሐል አስራ ፋብሪካ ይዛት ገብታለች! በየሰዓቱ መጸዳጃ ቤት ገብታ እንቁላልና የተፈጨ ጉበት ታልሳታለች። አለቃቸው ጋዎኑ ሲንቀሳቀስ አየና «አይሪን፣ ሆድሽን ምን ነካው?» ሲላት፣ «ቁርጠት ነው ጌታዬ፣ ሲጀምረኝ እንዲህ ያደርገኛል» አለችው። ብትያዝ በዚያው ሰዓት ነው የምትባረረው። መስመሩ ላይ የነበሩት አስራ አንድ ሴቶች ሁሉ ያውቁ ነበር፤ አንዷም ትንፍሽ አላለችም። የዚያን ቀን ብስኩት የበላችሁ ካላችሁ፣ ይቅር በሉን።

እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስገባ እማዬ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣለች። ገና አፌን ልከፍት ስል ከአንገቷ ሥር የፐርል ነጭ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ፍትፍቱን ስንት ቀን ሰጠሻቸው?» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም።

«ሰባት» አልኩና ፈነዳሁ። «አንቺ ነሽ! ሥጋ ባታበያቸው፣ ቁም ሳጥኑን ባትቆርጪው አባዬ ይመጣ ነበር! አልመጣም ያለው ባንቺ ነው፣ ሰምቻለሁ!»

እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ከዚያ ፐርልን በአንድ እጇ እንደያዘች ወንበሩን በሌላው እጇ አንስታ ጓሮ አወጣችው፣ ቁም ሳጥኑ ፊት አስቀመጠችው።

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።

«እግርሽን እንዳታንቀሳቅሺ። እግር የለኝም በይ። አሁን በሩን ክፈቺ።»

እጄ አጭር ስለሆነ ወንበሩን ገፋ አደረገችልኝ። በሩን ከፈትኩ። መሳቢያውን ሳብኩ፣ ጭኔ ላይ መጣ። የውኃውን ጣሳ አወጣሁ፣ የመኝታውን ክዳን አነሳሁ። ሁሉም እጄ ላይ ነው፤ አንድም ጊዜ መነሳት አላስፈለገኝም።

«አባትሽ እግሮቹ አይሠሩም፣ ሊኔት» አለችኝ። «ከእንግዲህም አይሠሩም። ቀደም ብዬ መንገር ነበረብኝ፣ አቃተኝ። አልመጣም ያለው በእኔም በፌሬቶቹም አይደለም። መጥቼ ምን እሠራለሁ፣ ማንን እጠቅማለሁ ነው የሚለው። ነገርኩት፣ ለመንኩት፤ ሚስቱ ነኝና ለማጽናናት የምዋሸው ይመስለዋል።»

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። እሷም ፐርልን እንዳቀፈች ከአጠገቤ ቆመች፤ ሰባት ቀን ሙሉ ያባከንኩባትን ልፋት አንዴም አላነሳችብኝም። እኔ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ወረቀቱ ላይ ያለው የስድስት ሰዓት ባዶ ቦታ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ማታ ማንም ሳያዘኝ ለአባዬ ደብዳቤ ጻፍኩ።

«አባዬ፣ ፐርልን ያሳመምኳት እኔ ነኝ። ፍትፍት ሰጠኋት። እማዬ ፋብሪካ ናት፣ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው የለም። ብትታመም የሚያያት የለም። እማዬ እንዳትናደድባት፣ ሥጋው ጥሩ ነው። አጎት ዊልፍ አያውቅም።»

በሳምንቱ ፖስተኛው ካርድ አመጣ። በአባዬ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ስድስት ሰዓት ላይ እኔ አለሁ።» እማዬ ካርዱን ቆማ አነበበችው፣ ተቀምጣ አነበበችው፣ ከዚያ አፍንጫዋን ተናፍጣ ጫጩት ልታመጣ ሄደች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሆስፒታል መኪና በራችን ላይ ቆመ። አባዬ ግማሹን ሆኗል፤ እጆቹ ብቻ ናቸው የድሮዎቹ። ማንም እንዲገፋው አልፈለገም፣ ዊልቸሩን ራሱ እየነዳ ጓሮ ገባ። አጎት ዊልፍ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ፍትፍት ይዞ እየጠበቀው ነበር።

«ይሄ የኛ ቁም ሳጥን አይደለም እንዴ?» አለ አባዬ።

«ነበር» አለች እማዬ።

«ልብሴስ?»

«ካርቶን ውስጥ ነው። ልብስ አይታመም።»

አባዬ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ዊልቸሩን አስጠጋ። እጁ መቀርቀሪያው ላይ ሲያርፍ ቆም አለ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም መድረስ አላስፈለገውም። ወደ እማዬ ዞሮ አያት። እሷ የሌለ እድፍ ከጋዎኗ ላይ ታራግፋለች።

«ተጠንቀቅ ኖርማን! ሥጋ የለመዱ ናቸው፣ ይነክሱሃል!» አለ አጎት ዊልፍ።

ፐርል ወጣች። ሰውነቷ ተመልሶላት ነበር፤ ወፍራለች፣ ፀጉሯ ያብለጨልጫል። ጣቱን አሸተተች፣ በእጁ ላይ ተሻግራ ጭኑ ላይ ተጠቀለለችና ዓይኗን ጨፈነች። አባዬ ምንም የማይሰማውን ጭኑንና እሷን ቁልቁል አየ።

«ሊኔት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ትሞቃለች?»

እጄን ፐርል ላይ ጫንኩ። «አዎ አባዬ። በጣም ትሞቃለች።»

በሁለት እጁ አነሳትና አንገቱ ውስጥ ወሸቃት። ያኔ ነው ሙቀቷን ያገኘው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ፐርል ጆሮውን ላሰችው። አጎት ዊልፍ ሳህኑን ግራ ተጋብቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀያይር፣ እማዬ «ማንኪያ ላምጣልዎት?» አለችው።

በማግስቱ ንጋት ላይ በድምፅ ነቃሁ። በመስኮት ሳይ አባዬ ጓሮ ውስጥ ነው፤ እማዬ ከመሄዷ በፊት አልብሳ ዊልቸሩ ላይ አስቀምጣው ኖሯል። መሳቢያው ሲሳብ፣ ውኃ ሲደፋ ይሰማል። ከዚያ የእሱ ድምፅ መጣ፣ ከመጋቢት ወዲህ ያልሰማሁት፣ ወፍራሙና ተሳዳቢው ድምፅ። «ነይ አንቺ ሌባ! ካልሲዬን ወዴት ነው የምትወስጂው? መልሺ! አንተስ ምን ያስቅሃል፣ ይህን ጫጩት በላህ ወይስ ቀበርከው?»

እማዬ የምሳ ቋጠሮዋን ይዛ የውጪው በር ላይ ደርሳ ነበር። ቆመች። የፋብሪካው አውቶቡስ ከመንገዱ ማዶ መጥቶ ቆመላት። በሩ ተከፈተ፤ ሴቶቹ በመስኮት ጠሯት፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። እማዬ ሳትዞር እጇን አወዛወዘችለት፤ ሂድ፣ ሂድ አለችው። አውቶቡሱ ሄደ። እሷም ግንቡን ተደግፋ፣ አባዬ ሌባዋን ሰድቦ እስኪጨርስ ድረስ ቆማ አዳመጠችው።